የድብልብል ሪዝ

በእኛ ከተማ ዕድሜ የሚቆጠርለት ሰው ብቻ አይደለም፤ የስልክ ጨዋታም ይቆጠርለታል። አንድ ጨዋታ የልጆች ነው ወይስ የአዋቂዎች የሚለውን የሚቆርጡ ሰባት ዕድሜ ፈራጆች አሉን። የሚቀመጡበት ቤት ዕድሜ ቤት ይባላል፤ የበላያቸው ደግሞ ሊቀ ዕድሜ። ሌላ አገር እንዲህ ያለ ሹመት ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለ የዚያ አገር ሰው የምጽፈውን ሲያነብ ብዙ አይገረምም፤ ከሌለም እንዳይጀምሩት።

የልጆች የተባለ ጨዋታ በሕጋችን ዕውር መሆን አለበት። ማን እንደተጫወተው አያይም፣ አይሰማም፣ አይጽፍም። የአዋቂዎች የተባለው ግን ያያል፣ ይሰማል፣ የሰማውንም በመዝገብ ያሰፍራል። በዓመት አንድ ቀን፣ መግለጫ በሚባለው ቀን፣ መዝገቡ ገበያ መሃል ጠረጴዛ ላይ ይገለጣል፤ የፈለገ መጥቶ ያነባል። ነጋዴው የማን ጫማ እንዳለቀ ያያል። ሚስት ፈላጊው ማን እንዳላገባች ያያል። ለምን እንደመጣ የማይናገር ሰውም ይመጣል፤ አንብቦ፣ አመስግኖ ይሄዳል። አዋቂ የሚያደርገውን ያውቃል፣ ልጅ ግን አያውቅምና ይጠበቅ ነው ነገሩ። ይህን ሕግ አልነቅፈውም። ሕጉ ደኅና ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ስንዱ እባላለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴ ነኝ ራሴን ያስተማርኩት፣ በመምህሬም ቅሬታ የለኝም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አነበብኩ፤ የመድኃኒት ወረቀት አነበብኩ፤ የከተማውን ደንብ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ዕድሜ ቤት ገላጭ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ገላጭ ማለት ፈራጆቹ ፊት ቆሞ ጨዋታውን እየተጫወተ ያየውን በቃል የሚናገር ሰው ነው። ፈራጆቹ ስልክ አይነኩም፤ የነካ ሰው ሊወደው ይችላል፣ የወደደ ደግሞ ያዳላል። በዚሁ ምክንያት ልጅ የዕድሜ ቤትን ደጃፍ አይረግጥም። ልጅ ሲጫወት ሲስቅ ያየ ፈራጅ ልቡ ይሸነፋል ተብሎ ይፈራል። እንግዲህ የልጆች ጨዋታ የሚዳኘው ልጅ በሌለበት፣ ጨዋታ ነክተው በማያውቁ ሰዎች ነው። እኔ ይህን ስሰማ ምንም አልመሰለኝም። ሥራው ነበር የታየኝ።

ለፈተና የቀረብነው አሥራ ስድስት ነበርን፤ አሥራ አምስቱ የትምህርት ወረቀት አላቸው። ሊቀ ዕድሜ ጎሹ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ተራዬ ደርሶ ባዶ እጄን ሲያዩኝ፣

«አንቺስ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ።

«ጭንቅላት።»

ከፈራጆቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መልካም» አሉ ሊቀ ዕድሜ። «እዚህ ቤት ዘጠኝ ምልክቶች አሉን። ቀለሙ፣ ዜማው፣ እንስሳው፣ ማስታወቂያው የተለጠፈበት ቦታ፣ እያለ ይሄዳል። በዘጠኙ ስንከራከር አንዱ ጨዋታ አራት ወር ይፈጅብናል። አንቺ ብትሆኚ የልጁን ከአዋቂው በምን ትለዪዋለሽ?»

አሥራ አምስቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልቀረበላቸውም፤ የአባታቸውን ስም ተጠይቀው ነው ያለፉት። ተናደድኩ።

«ምን ይከብዳል ጌታዬ» አልኩ፤ «ሪዝ ካለው የአዋቂ፣ ሪዝ ከሌለው የልጅ። እኔም ይኸው ሪዝ የለኝም። ልጅ ነሽ ብላችሁ መልሱኝና ልሂድ።»

ሊቀ ዕድሜ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት፤ በሁለተኛው ግን ድምፄ ቀነስ ብሎ ነበር። ጸሐፊው ጻፈው። በሳምንቱ ተቀጠርኩ። በወሩ «ምልክት አሥር፦ ሪዝ። ይህ ምልክት ዘጠኙን ይሽራል» ተብሎ በደንቡ ታተመ።

ያን ጊዜ ተነሥቼ አሽሙር ነበር ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከአራተኛ ክፍል የቀረች ሴት ቃሏ በከተማ ደንብ ሲታተም አይቶ ዝም የማይል ካለ እሱ ይፍረድብኝ። ወረቀት ያላቸው አሥራ አምስቱ የእኔን ቃል ሲሸመድዱ እያሰብኩ ስንት ቀን ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ።

ማየትና መስማት የፈለገ ሁሉ ሪዝ እየጨመረ፣ ዓመት ሳይሞላ የከተማችን ጨዋታ ሁሉ ሪዝ አበቀለ። ባቡሩ አበቀለ፤ ሙሽሪት አበቀለች፤ ኳሷ ሳትቀር አበቀለች። ፊደል የሚያስቆጥር አንድ ጨዋታ ነበር፤ ከሀ እስከ ፐ ያሉት ሁሉ በአንድ ሳምንት ሪዝ አወጡ። ፈራጆቹ በቀን ስምንት ጨዋታ እየቆረጡ በጊዜ ቤታቸው ይገቡ ጀመር። ሥራ እንዲህ የተቀላጠፈበት ዘመን የለም ተብሎ ለሊቀ ዕድሜ ሜዳይ ተሰጣቸው። በበዓሉ ላይ እኔም ከኋላ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ።

ድብልብል የመጣው በዚህ መሃል ነው። ድብልብል ሐምራዊ የጉማሬ ግልገል ነው። ኩሬ ውስጥ ይኖራል። ገላውን ያጥቡታል፣ ጥርሱን ይቦርሹለታል፣ ሐብሐብ ያጎርሱታል፤ ሲጠግብ ያስነጥሰዋል። መጀመሪያ ሲቀርብ ጠዋት ነበር። ገለጥኩ፣ ሪዝ የለውም አልኩ፣ የልጆች ነው ተባለ። የጨዋታው ባለቤቶች ጠበቃ አቶ ቢተው ምንም ሳይከፋቸው እጅ ነሥተው ወጡ። ሁልጊዜ ፈገግ የሚሉ፣ ወረቀታቸውን በክር አስረው የሚይዙ ሰው ናቸው። ከምሳ በኋላ ተመለሱ። ድብልብል ከአፍንጫው በታች ሁለት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ተጨምረውበታል፤ ጫፋቸው ወደ ላይ ተቆልምሟል።

«ገላጭ፣ ምን ታያለሽ?» አሉ ሊቀ ዕድሜ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ሪዝ» አልኩ።

አልዋሸሁም። ሪዝ ነበር። ፈረምኩና ወደሚቀጥለው አለፍን።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ፈራጆቹ ከወትሮው ቀድመው የተነሡ ቀን፣ አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ደረስኩ። የምንኖረው ሦስት ሆነን ነው፤ እማዬ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ትርንጎ። ትርንጎ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ናት። እማዬ ክር ፋብሪካ ስለምትውል አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምትገባው። ምናልባት ቢያስፈልጋት ብላ አሮጌ ስልኳን ለትርንጎ ትታላት ትሄዳለች። በመስኮቱ ስር ሳልፍ የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ ወፈር ያለ፣ ደግ ድምፅ።

«እናትሽ ዛሬም አልመጣችም?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምትመጣው።»

«እስከዚያ ብቻሽን ነሽ? አይዞሽ፣ እኔ አለሁ። በሩንስ ቆልፈሻል?»

«ቁልፉ ተበላሽቷል። ወንበር ነው የማስደግፈው።»

«ጎበዝ። በይ ጆሮዬን እጠቢልኝ።»

ወንበሩን በበሩ ገፍቼ ገባሁ። ቤት ውስጥ ትርንጎና ስልኩ ብቻ ነበሩ። ድብልብል ሪዙ አረፋ ነክቶት ከስልኩ ውስጥ ያየኛል።

«ይሄን ሁሉ ለምን ትነግሪዋለሽ?» አልኳት።

«ስለሚጠይቀኝ። አንቺ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«መጀመሪያ ስትገቢ ዕድሜሽን አልጠየቀሽም?»

«ጠይቆኛል። ቁጥሩ እንደ መንኮራኩር ይሽከረከራል። ሲቆም ነካሁት።»

«ምን ላይ ቆመ?»

«አርባ አንድ ላይ።»

«ትርንጎ፣ አንቺ እኮ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱ ግን እሺ አለ፤ አልተከራከረኝም።»

ስልኩን ነጥቄ አጠፋሁት። አለቀሰች፤ ድብልብል ሐብሐብ ሳይበላ ቀረ ብላ። እኔ ቁጭ ብዬ ቀን ቆጠርኩ። ለመግለጫ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል።

በማግሥቱ ቁልፉን አስጠገንኩ። ከዚያም ማሰብ ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ ማሰብ ማቆም አቃተኝ። ቁልፉ በመዝገቡ ካለው አንዷ መስመር ብቻ ናት። መዝገቡ ትርንጎ የትኛውን ቅያስ ይዛ ከትምህርት ቤት እንደምትመለስ ያውቃል። የትኛውን ውሻ እንደምትፈራ ያውቃል። ምን ብለው ቢጠሯት እንደምትሄድ ያውቃል። ይህ ሁሉ ቁልፍ የለውም። ያን አንብቦ አመስግኖ የሚሄደውን ሰው በየመንገዱ አየው ጀመር። ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ እሱ ይመስለኛል፤ ባርኔጣ ያላደረገም አውልቆት ይመስለኛል። ትርንጎን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ከሥራ እየሰረቅሁ መውጣት ጀመርኩ። ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። ልጅሽን ገበያ ለማውጣት የፈረምኩት እኔ ነኝ ልበላት?

አንድ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ ሊቀ ዕድሜን ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«ጌታዬ፣ ምልክት አሥር ስሕተት ነው። ስናገረው አሽሙር ነበር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሽሙር ከሆነ እኛ ለምን አልተቀየምንም?»

«ስላልገባችሁ ነዋ።»

«ሰባት ፈራጅ ተቀምጦ አንድ እንኳ ያልገባው አሽሙር የለም፣ ስንዱ። ሕግ ነው የነበረው።»

«ድብልብልን ልጆች እየተጫወቱት ነው።»

«ማን አየ?»

«እኔ። እህቴ አለችበት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

«በመዝገቡም ዘጠኝ ነው?»

አርባ አንዱ ትዝ አለኝ።

«መዝገቡን አይቼዋለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው የሚያጽናና ነበር። «ከሰባት ሺህ ተጫዋቾች ውስጥ አንድ ልጅ የለም። ታናሿ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ታላቁ መቶ አሥራ ሰባት። ከዚህ የበለጠ የአዋቂ ጨዋታ ከየት ይምጣ?»

ፍርዱ እንደገና የሚታይበት መንገድ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አለ፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ ከመግለጫ በፊት በአካል ይቅረብና ሲጫወት እንየው አሉ። አመስግኜ ልወጣ ስል ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

«መቼም ልጅ እዚህ ቤት እንደማይገባ ታውቂያለሽ» አሉኝ።

አምስት ቀን ሲቀር አንድ ደብዳቤ መጣ። ከተማው በየቤቱ እየዞረ ነዋሪ መቁጠር ትቶ ዕድሜያችንን ከጨዋታ መዝገቦች መውሰድ ከጀመረ ሰንብቷል። ደብዳቤው «ለወይዘሮ ትርንጎ» ይላል። የአርባ አንድ ዓመት ነዋሪ እንደመሆንዎ በመጪው ወር የመንገድ ጥገና ላይ አካፋ ይዘው እንዲገኙ። እማዬ አንብባ እስክታነባ ድረስ ሳቀች።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ አካፋዎን ይዘዋል?»

«የማን ነው የምይዘው?» አለች ትርንጎ።

እማዬ ደግሞ ሳቀች፤ ከዚያ እኔን አየችኝና ሳቋን አቆመች። «ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ምንም።»

ደብዳቤው የከተማው ማኅተም አለበት። ትርንጎ በማኅተም አዋቂ ናት። አዋቂ ደግሞ ዕድሜ ቤት ይገባል። ያገኘኋት መንገድ ይህች ብቻ ስለነበረች ያዝኳት። ለችሎቱ ማመልከት፣ ቀን መጠበቅ፣ ቀኑ ሲተላለፍ እንደገና ማመልከት ተከተለ፤ በመጨረሻም የተሰጠን ቀጠሮ የመግለጫ ዋዜማ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

የዕድሜ ቤት ዘበኛ ጋሼ ምትኩ ናቸው። ከትርንጎ የሚያንሱ ሦስት የልጅ ልጆች አሏቸው። ስንደርስ እጃቸውን ዘረጉ።

«ስንዱ፣ ልጅ አይገባም። ታውቂው የለ።»

ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። አነበቡት፤ ትርንጎን አዩ፤ እንደገና አነበቡት።

«ወይዘሮ ትርንጎ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ» አለች። የፊት ጥርሷ በዚያ ሳምንት ወልቆ ስለነበር ቃሉ እያፏጨ ወጣ።

«ይግቡ እመቤቴ። ደረጃው ከፍ ስለሚል ይጠንቀቁ።» ክንዷን ይዘው ደገፏት። እኔን ግን ቀና ብለው አላዩኝም።

የምስክሩ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አልደረሰም። ፈራጆቹ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። በመጨረሻ አንዱ፣ «አጠር ያሉ ናቸው» አለ፤ ሌላው «እኔም ቁመታም አልባልም» አለው። ስልኩን ሰጠኋት። ድብልብልን ልታጥበው ጀመረች። ሐብሐብ ስታጎርሰው አስነጠሰው፤ ያን ጊዜ ሳቀች፤ ጥርስ የጎደለው፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ከፈራጆቹ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ከእጁ በላይ ዓይኖቹ ይስቃሉ። አለቀ፣ አሸነፍን ብዬ አሰብኩ።

«ማስታወቂያውም የተለጠፈው የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ነው» አልኩ። «ከውስጥ በኩል፤ ከወገቤ በታች። ሄጄ አይቼዋለሁ።»

አቶ ቢተው ፈገግ እንዳሉ ተነሡ። «ግድግዳውን የሠሩት አዋቂዎች ናቸው» አሉ። ጸሐፊው ጻፈ።

«ክቡራን» ቀጠሉ፣ «ወይዘሮዋ አጠር ማለታቸውን አልክድም። ቁመት ግን ከአሥሩ ምልክቶች ውስጥ የለም። እኔ ስለ ወይዘሮዋ ከቁመታቸው የተሻለ የማውቀው አለኝ።» የወረቀታቸውን ክር ፈቱ። «ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቤት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ወጡ ሲፈላ ድስት ያወርዳሉ። ባለፈው ኅዳር እናታቸው ከሥራ አልቅሰው ሲገቡ ወይዘሮዋ ምን ሆነሽ ብለው አላስጨነቁም፤ ውሃ ሰጥተው ዝም አሉ። ታላቅ እህታቸው ኩሩ ናት፤ ስታዝን ሽንት ቤት ገብታ፣ እንዳይሰማባት ቧንቧ ከፍታ ታለቅሳለች። ወይዘሮዋ ይህን ያውቃሉ፤ ለማንም ግን ተናግረው አያውቁም።» ቀና አሉ። «ከድብልብል በቀር። ክቡራን፣ ቤት የሚጠብቅ፣ የሰው ገመና የሚሸፍን፣ ይህ የልጅ ጠባይ ነው?»

ሰባቱም ወደ እኔ ዞረው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ያየሁት ትርንጎን ብቻ ነው። ማጠቧን አቁማለች። የአቶ ቢተውን ወረቀት አየች፤ ቀጥላ ስልኩን አየች።

«እሱን ላንተ ብቻ ነበር እኮ የነገርኩህ» አለችው ድብልብልን፣ ቀስ ብላ።

ድብልብል አስነጠሰው።

ፍርዱ ብዙ አልቆየም። ሰባቱም የአዋቂ ነው አሉ። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ፈራጅ ምክንያቱን በቃል አስመዘገበ። «ጨዋታው እኔንም አስቆኛል፤ እኔ ደግሞ ልጅ አይደለሁም።» ሊቀ ዕድሜ መዝገቡ ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይገለጣል ብለው ሊነሡ ሲሉ፣

«አንቀጽ አርባ ሁለት» አልኩ።

ደንቡን ሦስት ጊዜ ያነበበ ሰው እዚያ ቤት ከእኔ ሌላ የለም፤ ይህን ለመመካት አይደለም የምጽፈው። አንቀጽ አርባ ሁለት፣ አንድ አዋቂ ስለ ራሱ የተጻፈውን በራሱ አፍ ጠይቆ ሊያስፍቅ ይችላል ይላል። ለልጅ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም፤ ስለ ልጅ አይጻፍማ። አስፋቂው ግን በመዝገቡ የሰፈረውን ዕድሜ በመሐላ ያጸናል፤ አንዴ የማለ አይመለስም። ጸሐፊው ገጹን ፈልጎ አገኘው። ሊቀ ዕድሜ፣ «ይቻላል፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት» አሉ። ከአሥር ተኩል አልፎ ነበር። እማዬ አሁን ከክሩ ማሽን ፊት ቆማለች፤ ላማክራት ሮጬ ብሄድ እንኳ አልደርስባትም። ትርንጎን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ።

«ከጠየቅኩ ይጠፋል?» አለች።

«ይጠፋል።»

«የእማዬም? የቧንቧውም?»

«እሱም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በመዝገብ ለዘለዓለሙ ትልቅ ሰው ነሽ።»

«ትምህርት ቤትስ?»

«ልጅ ያልሆነ አይገባም። እኔ አስተምርሻለሁ። ራሴን አስተምሬ የለ?»

«ከማን ጋር ነው የምቀመጠው?»

ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ለዚህ መልስ አላነበብኩም። ዴስኳ ላይ አጠገቧ የምትቀመጥ ኮከቤ የምትባል ልጅ እንዳለች አውቃለሁ፤ እርሳስ ይከፋፈላሉ። የቀሚሷን አንገት አስተካከልኩላት፤ ሳይጣመም።

«ካልማልኩ ነገ ሰው ሁሉ ያነበዋል?»

«ነገ ጠዋት።»

ጫማዋን አየች። «እንግባ» አለች።

ጸሐፊው አዲስ ገጽ ገለጠ።

«ስም?»

«ትርንጎ።»

«ዕድሜ?»

አየችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«አርባ አንድ።»

«ሥራ?»

እዚህ ላይ ቆየች። የሰማችው ጥያቄ እንደገባት፣ በትክክል ልትመልሰው እንደፈለገች ያስታውቃል።

«ሦስተኛ ክፍል» አለች።

ጸሐፊው ብዕሩን ከወረቀቱ አንሥቶ ሊቀ ዕድሜን አየ። ሊቀ ዕድሜ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «አዋቂ ክፍል የለውም» አሉ። ጸሐፊው «ሥራ ፈት» ብሎ ጻፈ። ትርንጎ እጇን አንሥታ የሚሏትን እየደገመች ማለች። ከዚያ ጸሐፊው የድብልብልን መዝገብ አምጥቶ ስለ እሷ የተጻፈውን በጥቁር ቀለም ሸፈነው። መስመር በመስመር አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ወንበሩ ጠፋ፤ ቅያሱ ጠፋ፤ ውሻው ጠፋ፤ ቧንቧው ጠፋ። ጸሐፊው ቀለሙን እፍ ብሎ ሲያደርቅ ቀጣዩ መስመር ላይ ዓይኔ አረፈ። የሰባ ዓመት ሰው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በወንዙ በኩል ይሄዳል፤ ብቻውን። መዝገቡ ተዘጋ።

ዕድሜ ቤትንና ገበያውን የሚለየው ሰፊ መንገድ ነው፤ ጋሪና የጭነት መኪና አይጠፋበትም። ማዶ ላይ ሰዎች ለነገ ጠረጴዛ እየደረደሩ ነበር። ጠርዙ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁላት። እጆቿን ወደ ኋላ ደበቀች።

«ትልቅ ሰው እጁን አይያዝም» አለችኝ። አላኮረፈችም፣ አላለቀሰችም። ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዳ ነበር።

ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ተሻገረች። በመሃላችን ሁለት ጋሪ፣ አንድ መኪና፣ ደግሞ ጋሪ አለፈ። አልፈው ሲያልቁ ማዶ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ግን እግሬ አልነሣ ብሎኝ እዚያው ነበርኩ። እማዬ ከሥራ ወጥታ ቀድማን ቤት ልትደርስ ትንሽ ቀርቷታል፤ ምን እንደምላት አንድ ቃል አላገኘሁም።

«ነይ እንጂ» አለች ትርንጎ ከማዶ። «ለእማዬ የምነግራት እኔ ነኝ። አንቺ ዝም በዪ።»

እሺ አልኳት።